ስላይዶቼን በጆሮዬ የሰማሁ ዕለት

በዚያን ጊዜ ሥራዬን ለእናቴ ማስረዳት ስላቃተኝ «ቢሮ ነው የምሠራው» ብዬ ተገላግዬ ነበር። ሥራዬ ስላይድ መሥራት ነው። ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች ሥልጠና የሚሰጥ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። አሠልጣኞቹ የተዝረከረከ ጽሑፍ በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ እኔ ቀለምና ሥዕል፣ ግራፍና ቀስት ጨምሬበት፣ አዳራሽ ውስጥ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳው ነገር አደርገዋለሁ። ሰዎች ፎቶ ሲያነሱ ሳይ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ስሜ ትርሲት ነው። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከላንቻ በታክሲ እመላለሳለሁ፤ በሙያዬ እንከን የሚወጣልኝ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። በኮምፒውተር አማርኛ የጻፈ ሰው ያውቀዋል፤ ቢሮ ውስጥ ያማረው ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መስመሩ ይሰበራል፣ አንዳንዴም ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። እኔ ለዚህ መላ አግኝቼለት ነበር። ጽሑፉን በዲዛይን ፕሮግራም አሳምሬ እጽፍና፣ እንዳለ ወደ ፎቶ ቀይሬ ስላይዱ ላይ እለጥፈዋለሁ። ፎቶ አይበላሽም። ርዕሶቹን ብቻ በምወደው አንድ የድሮ የአማርኛ ፎንት እጽፋለሁ፤ ፎንቱን የአሠልጣኞቹ ላፕቶፕ ላይ ሁሉ ጭኜላቸዋለሁ። በዚህ ዘዴ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድም ቀን ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም።

ቅሬታው የመጣው በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች የምንሰጠው የአንድ ቀን ሥልጠና ነበር። ጉዳዩ ተማሪዎች ለምን ከትምህርት እንደሚቀሩ ነው። ሁለት ዙር ተሰጥቷል፤ ሦስተኛው በማግስቱ ረቡዕ ቂርቆስ ውስጥ ባለ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሊሰጥ ነው። የድርጅታችን ባለቤት ወይዘሮ ፀዳለ ጠዋት ደወሉና ዋናው አሠልጣኝ ዘመድ ሞቶበት ወደ ደሴ እንደሄደ፣ የእሱን ክፍለ ጊዜ ጋሽ ሸምሱ እንደሚይዙት ነገሩኝ። ስላይዱን እንድልክላቸው አዘዙኝ።

ጋሽ ሸምሱ የቄራ ሰው ናቸው። ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ እኛ ጋ የውይይት ክፍለ ጊዜዎችን የሚመሩ፣ ሲናገሩ አዳራሹን ፀጥ የሚያሰኙ ሰው። በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ የዓይናቸው ግፊት ጨምሮ ብርሃናቸውን አጥተዋል። በስላይድ ሲያሠለጥኑ አይቻቸው አላውቅም። ለምን ብዬም ጠይቄ አላውቅም፤ ዓይነ ስውር ስላይድ ምን ያደርግለታል የሚል ነገር ውስጤ ነበር መሰለኝ።

ፋይሉን ላክሁላቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደወሉ።

«ትርሲት፣ የላክሽው ባዶ ነው።»

ኔትወርኩ ቆርጦት ይሆናል ብዬ እንደገና ላክሁ። አሁንም ደወሉና ባዶ ነው አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ በኢሜይል ላክሁ፤ መልሱ ያው ሆነ። እኔ ጋ ፋይሉ ይከፈታል፤ አርባ አንዱም ስላይድ እንዳማረበት አለ። ተናደድኩ። ወይዘሮ ፀዳለ ጋ ደውዬ ዛሬም ሳፍርበት የምኖረውን ነገር ተናገርኩ። ፋይሉ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ሰውየው ናቸው፣ ነገ አዳራሽ ውስጥ ከምናፍር ሌላ ሰው ይፈለግ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ አዳራሹን ለማሰናዳት ወዲያ ወዲህ እያሉ ስለነበር ብዙም አልሰሙኝም። በአንድ ቀን ሰው ከየት ይመጣል፣ በቃ ቁጭ ብለሽ አግዣቸው ብለው ስልኩን ዘጉት።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው መጡ። ነጩን ዘንጋቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ ወንበሩን በእጃቸው ዳሰው ተቀመጡና ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ደረጃው አድክሟቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ከደረጃው ይልቅ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ የቆሙ ሞተር ብስክሌቶች እንዳስቸገሯቸው ነገሩኝ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫቸውን አወጡ፤ ሊሰኩት ሲሉ ግን ተዉት።

«ባዶ ነው ስልሽ አላመንሽኝም አይደል?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። «ነይ እንግዲህ፣ አብረን እንስማው።»

ጋሽ ሸምሱ የሚጠቀሙት ስክሪን ሪደር ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየተከተለ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። እንዳለ አውቅ ነበር። ሲሠራ ግን ሰምቼው አላውቅም። ስላይዱን ከፈቱና አንድ ቁልፍ ነኩ። አፍንጫውን የተያዘ ሰው የመሰለ ፈጣን ድምፅ «ስላይድ አንድ፣ ርዕስ የለውም» አለ። ቀጠለና እንግሊዝኛም አማርኛም ያልሆነ የተምታታ ፊደል ዘረገፈ፤ ኤክስ፣ ዋይ፣ ቃለ አጋኖ፣ የዶላር ምልክት። ከዚያ «ፒክቸር አምስት» አለ። «ፒክቸር ስድስት። ፒክቸር ሰባት።» ቀጣዩ ስላይድም እንደዚያው። ስድስተኛው ላይ «አይ ኤም ጂ፣ ሰረዝ፣ ዜሮ ዜሮ አራት ሁለት» ብሎ የፎቶውን የፋይል ስም አነበበ። አሥረኛው ላይ ዝም አለ። ምንም የሚለው አልነበረውም።

እኔ ስክሪኑ ላይ የአራት ዓመት ሙያዬን አያለሁ፤ ጆሮዬ የሚሰማው ደግሞ ቆሻሻ ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ እልህ ነው። ፕሮግራሙ አይረባም ማለት ነው አልኳቸው። ጋሽ ሸምሱ የራሳቸውን አንድ የማስተማሪያ ማስታወሻ ከፈቱ። ያው ድምፅ፣ ያው አፍንጫ፣ ጥርት ያለ አማርኛ ማንበብ ጀመረ። ነጠላ ሰረዙ ላይ እንኳ ትንፋሽ ይወስዳል። እዚያ ላይ እልሁ ለቀቀኝና የማወቅ ጉጉት ያዘኝ። አንዱን አማርኛ እያነበበ ሌላውን የማያነበው ለምንድን ነው?

የአንዱን ስላይድ ርዕስ ገልብጬ ሌላ ገጽ ላይ ለጠፍኩትና ፎንቱን ወደ ተራ ፎንት ቀየርኩት። ያ የሚያምረው ርዕሴ ዓይኔ እያየ ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ተለወጠ። ፕሮግራሙ ያነበበው ልክ እሱን ነበር። ለካ የድሮው ፎንት «ሀ»ን «ሀ» ብሎ አያስቀምጠውም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ምልክት ነው፤ ላዩ ላይ ብቻ የአማርኛ ፊደል መልክ ተስሎበታል። አራት ዓመት ሙሉ አማርኛ ጻፍኩ ስል ሥዕል ነበር የምስለው።

«ማሽኑ አያይም» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ። «እሱም እንደ እኔ ነው። የነገሩትን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ሥራውን ጀመርነው። ፎቶ የሆነውን ጽሑፍ ሁሉ በአዲሱ ፎንት፣ ማንኛውም ኮምፒውተር በሚያውቀው ፊደል፣ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። እየጻፍኩ እሳቸው ያዳምጣሉ፤ የሚያደናቅፋቸውን ይነግሩኛል። እኔ ደግሞ እንደ ልጅ የጥያቄ መዓት አወርድባቸዋለሁ። ስላይዶቹ ርዕስ ስለሌላቸው ምን ይቸግርዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ርዕስ ብዬ የጻፍኩት እኮ አለ። የጻፍሽው ላንቺ ርዕስ ነው፣ ለማሽኑ ግን በትልቁ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ነው አሉኝ። ለርዕስ ተብሎ በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ሲጻፍ፣ ከዝርዝሩ መርጠው የፈለጉት ስላይድ ላይ በአንዴ ይደርሳሉ። ያ ከሌለ ከአንድ እስከ አርባ አንድ እየቆጠሩ መሄድ ነው። ለሁሉም ስላይድ የተለያየ ርዕስ ሰጠሁ።

የጥያቄና መልስ ስላይድ ነበረኝ። ጥያቄው ከላይ፣ መልሱ ከታች በሚያምር ሳጥን። እሱን ሲያዳምጡ ጋሽ ሸምሱ ሳቁ። ፕሮግራሙ መልሱን አንብቦ ሲያበቃ ነው ጥያቄውን ያነበበላቸው። ይህ ደግሞ ለምን ሆነ ብዬ ብመረምር፣ ፕሮግራሙ ከላይ ወደ ታች አይደለም የሚያነበው፤ እኔ ሳጥኖቹን ባስቀመጥኩበት ቅደም ተከተል ነው። የመልሱን ሳጥን በመጀመሪያ ሠርቼ ኖሯል። ቅደም ተከተሉ የሚስተካከልበት ቦታ ፕሮግራሙ ውስጥ ሁልጊዜም ነበር፤ እኔ ነኝ ከፍቼው የማላውቀው። በየስላይዱ ጥግ የማደርጋትን የአበባ ጌጥ ደግሞ አርባ አንድ ጊዜ «ፒክቸር» ሲላት ሰለቸችኝ። እሷን ጌጥ ናት፣ ዝለላት የሚል ምልክት አደረግሁባት።

ምሳ አስመጥቼ እዚያው በላን። ስንበላ በስላይድ የማያሠለጥኑበትን ምክንያት ጠየቅኋቸው። ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ሞክረው ነበር። ሌላ ሰው በሠራው ስላይድ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን እየተጫነላቸው። ሰውየው ስልክ ሲያይ ይሁን ሲቸኩል ሁለት ስላይድ አልፎ ሄደ። እሳቸው ስለ መምህራን ሥነ ምግባር ሲናገሩ ስክሪኑ ላይ የሻይ ዕረፍት የሚል ከትልቅ ስኒ ሥዕል ጋር ተደቅኗል። ሰው ሳቀ። ሰዉን ምን እንዳሳቀው እንኳ ያወቁት ከሰዓታት በኋላ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው ነው፤ እኔ ግን ጠዋት ለወይዘሮ ፀዳለ ያልኩት ትዝ አለኝ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግራፉ ላይ ደረስን።

የሥልጠናው እምብርት እሱ ነው። ስሟ የተደበቀ የአንዲት ትምህርት ቤት የቀሪ ተማሪዎች መዝገብ፣ በሁለት መስመር ተስሎ። ሰማያዊና ብርቱካናማ። ሁለቱም ዙር ላይ ሰው ተሻምቶ ፎቶ ያነሳው ይህን ነው። ግራፍ ፎቶ ስለሆነ፣ ምን እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ከኋላው መጻፍ ይቻላል፤ ስክሪን ሪደሩ ያንን ያነበዋል። እኔም «ባለ ሁለት ቀለም የመስመር ግራፍ» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ሸምሱ አዳመጡት። «እሺ። ምን ይላል ታዲያ?»

መልሱ እንደሌለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ግራፉን እኔ ነኝ የሠራሁት። ቀለሙን ለመምረጥ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። ምን እንደሚል ግን አንብቤው አላውቅም። አፍሬ ስክሪኑ ላይ ተደፋሁና እያየሁ መጻፍ ጀመርኩ። «ሰማያዊው መስመር የሴቶች ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለወጥም። ብርቱካናማው የወንዶች ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ እየወጣ ይሄዳል።»

«ቆይ» አሉኝ። እጃቸው ቁልፉ ላይ ቀረ። «ማስታወሻው እንደዚያ አይልም።»

ዋናው አሠልጣኝ ወደ ደሴ ከመሄዱ በፊት የላከላቸውን የጽሑፍ ማስታወሻ ጠዋት ሁለት ጊዜ አዳምጠውታል። መልሰው አስነበቡት። ከኅዳር ጀምሮ የሚቀሩት ሴቶቹ ናቸው ይላል፤ የትምህርት ቤቱ ውኃ የተቋረጠው በኅዳር ነው፤ ውኃ የሌለው መጸዳጃ ቤት ደግሞ ማንን ከትምህርት እንደሚያስቀር ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ከፋይሎቼ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ። ሴቶች ይላል። የቀለሞቹን መግለጫ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ሰማያዊውን ሴቶች፣ ብርቱካናማውን ወንዶች ብዬ።

ሁለት ዙር ሙሉ ያ ግራፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ውሏል። አሠልጣኙ «ተማሪዎች» እያለ በደምሳሳው ስላለፈውና የቡድኖቹንም ውይይት ቀርቦ ስላልሰማ አልታየውም። ዳይሬክተሮቹ ግን በቡድን ተቀምጠው ወንዶቹ ለምን ይቀራሉ፣ ገበያ ሥራ ይዘው ይሆን፣ ኳስ ይሆን እያሉ ሲከራከሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዕቅድ ጽፈው ወደየትምህርት ቤታቸው ሄደዋል።

መግለጫውን አስተካከልኩ። ጋሽ ሸምሱ አዲሱን ጽሑፍ አዳምጠው ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ወይዘሮ ፀዳለ መስማት እንዳለባቸው ነገሩኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከልቤ አልነበረም። ፋይሉ ተስተካክሏል፣ ያለፈው አልፏል፣ ማን ያስታውሰዋል ብዬ ነው። አመሻሹ ላይ ወይዘሮ ፀዳለ ደውለው እንዴት ሆናችሁ ሲሉኝ «ሁሉም አልቋል» ብዬ ብቻ መለስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቷል። በአቅራቢያው ካለው ቤተ ክርስቲያን የጠዋቱ ጸሎት ድምፅ በመስኮት ይገባል። ጋሽ ሸምሱ ላፕቶፓቸው ከፕሮጀክተሩ ጋር ተገናኝቶ ከፊታቸው ተቀምጧል፤ አንድ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አለ። ቁልፉን የሚጫነው ማንም አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው። ጣታቸው ሲነካ ስክሪኑ ይለወጣል፤ በጆሯቸው ርዕሱ ይነገራቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከዚያው ይቀጥላሉ። አንድ ሰው ወደኋላ መልሱልኝ ብሎ ሲጠይቃቸው ከርዕሶቹ ዝርዝር መርጠው በሰከንድ ውስጥ አመጡለት። እኔ ኋላ፣ ግድግዳው ጋ ቆሜ ነበር። ሰው ፎቶ ያንሳ አያንሳ አላየሁም። የማየው የእሳቸውን ጣት ነው።

ግራፉ መጣ። ጋሽ ሸምሱ መስመሮቹን አንድ በአንድ አስረዱ፣ ከኅዳር በኋላ ሴቶቹ እንደቀሩ ተናገሩ፣ ምክንያቱን ከመናገራቸው በፊት ዳይሬክተሮቹ እንዲያስቡበት ጠየቁ። ይሄኔ ከፊት ረድፍ ሹራብ የለበሱ አንድ ዳይሬክተር እጃቸውን አነሡ። ስልካቸውን ይዘው ቆሙ። በመጀመሪያው ዙር የሠለጠነ ባልደረባቸው ያነሳው ፎቶ እንዳላቸው ተናገሩ።

«እዚህ ላይ የሚለው ወንዶች ነው፤ ዛሬ ስክሪኑ ላይ ያለው ተቀይሯል» አሉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህር፣ ምናልባት ለእርስዎ አንብቦ ያዘጋጀልዎት ሰው ተሳስቶ እንዳይሆን።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። ጋሽ ሸምሱ ረጋ ብለው ትክክለኛው ዛሬ የተናገሩት መሆኑን መለሱ። ሰውየው ግን አልተቀመጡም። በአክብሮት ነው የሚናገሩት፤ አክብሮቱ ግን ለሕፃን እንደሚናገሩት ዓይነት ነበር። ሁለቱን ግራፎች በዓይኑ ያየ ሰው ቢያስረዳን አይሻልም ወይ አሉ።

ለጋሽ ሸምሱ አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር፤ ስላይዱን የሠራችው ልጅ ተሳስታ ነው ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቃል። አላሉም። ወደቆምኩበት አቅጣጫ እንኳ ፊታቸውን አላዞሩም። ወይዘሮ ፀዳለ ግን ከጎን ሆነው እኔን ያዩኝ ጀመር። ግንባራቸው ተቋጥሯል። የማያዩ ሰው ነገሩን እንዳበላሹት እያሰቡ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ምክንያቱም ማክሰኞ ጠዋት እኔው ነኝ በጆሯቸው ያስገባሁት።

ወደ ፊት ሄድኩ። እንዲህ ብዬ ለመናገር አላሰብኩም ነበር፣ ማለቴ የተዘጋጀ ነገር አልነበረኝም።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ስላይዱን የምሠራው እኔ ነኝ። ባለፉት ሁለት ዙሮች የቀለሞቹን መግለጫ አቀያይሬ ጽፌዋለሁ። ዓይን ያለን ሁላችንም አይተነዋል፣ ማናችንም አላወቅነውም። ትናንት ያገኙት ጋሽ ሸምሱ ናቸው።»

ሹራብ የለበሱት ዳይሬክተር ስልካቸውን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ተነሡ። ጋሽ ሸምሱን ይቅርታ ጠየቋቸው፤ ቀጥለውም እሳቸው ትምህርት ቤት ውኃ ከተቋረጠ ሁለት ወር እንዳለፈው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ውይይቱን ማንም የሚያቆመው አልነበረም። ምክንያቱን ጋሽ ሸምሱ መናገር አላስፈለጋቸውም።

በሻይ ዕረፍት ወይዘሮ ፀዳለ ጎተት አድርገው ወሰዱኝ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ከስህተቱ ይልቅ ያስቆጣቸው ማታ በስልክ «ሁሉም አልቋል» ማለቴ ነው። ከማግስቱ ጀምሬ የሁለቱን ዙር ዳይሬክተሮች በሙሉ በየስልካቸው እየደወልኩ እንዳስረዳ አዘዙኝ፤ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። አንዳንዶቹ ተቆጡኝ። አንዷ ግን «ሴቶቹ ናቸው ብዬ ነበር እኮ፣ ግራፉን ሳይ ነው የተጠራጠርኩት» አሉኝ። ከቁጣው ሁሉ ያቺ ንግግር ነች የከበደችኝ።

ያ ዕለት ግን ገና አላበቃም። ሥልጠናው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ገመድ እየጠቀለልኩ ሳለሁ አንዲት ዳይሬክተር ቀስ ብለው አጠገቤ መጡ። ዕድሜያቸው ለጡረታ የተቃረበ፣ ነጠላቸውን በሥርዓት ያጣፉ ሴት ናቸው። ግራና ቀኝ አይተው ጋሽ ሸምሱ ጆሮ ላይ የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው።

«ትልቅ ሰው ሊማረው ይችላል?» አሉኝ።

ለማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ለራሳቸው ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ፊደል እየጠፋቸው እንደሄደ፣ ደብዳቤ ሲመጣ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ እያሉ ምክትላቸውን እንደሚያስነብቡ፣ ዛሬም ስክሪኑ ላይ አንድም ነገር እንዳላዩና ጋሽ ሸምሱ ሁሉንም በቃላቸው ስላስረዱ ብቻ እንደተከታተሉ ነገሩኝ። ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። ሐኪም ዘንድ መሄድም ፈርተዋል።

ወደ ጋሽ ሸምሱ ወሰድኳቸው። መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ጋ ነገ እንዲሄዱ፣ ሳይዘገይ ከተያዘ የሚተርፍ ዓይን እንዳለ ነገሯቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ዘግይተው እንደሄዱ ሳይደብቁ። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና ማዳመጫውን ሰጧቸው። ሴትዮዋ አደረጉት። ጋሽ ሸምሱ ቁልፉን ነኩ። እኔ የሚሰማውን አልሰማሁም፤ ሴትዮዋ ግን ከንፈራቸው ከድምፁ ጋር ሲንቀሳቀስ አየሁ። የግራፉን መግለጫ ነበር የሚያዳምጡት፣ ማክሰኞ ከሰዓት እያፈርኩ የጻፍኩትን። ሲጨርሱ «እንደገና» አሉ።

እነሆ ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሥራዬን አልቀየርኩም፤ አሁንም ስላይድ እሠራለሁ፤ ቀለምም አልተውኩም። ሴትዮዋ ሕክምና ጀምረው የቀረው ብርሃናቸው እንዳይሄድ እየተከታተሉ ነው፤ ደብዳቤያቸውን ራሳቸው በጆሯቸው ያነባሉ። ጋሽ ሸምሱ ከዚያ ወዲህ ያለ ስላይድ አሠልጥነው አያውቁም፤ አሁን እንዲያውም ስለ ርዕስ አሰጣጥ ከእኔ ጋር የሚጨቃጨቁት እሳቸው ናቸው። የተለወጠው የእኔ ነገር ነው። ድሮ አንድ ነገር ሠርቼ ስጨርስ ያምራል ወይ ብዬ ነበር የማየው። አሁን ምን ይላል ብዬ እጠይቃለሁ፤ ያንን ለሰው በቃል መናገር ካልቻልኩ ገና አልገባኝም ማለት ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች መምህር ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ወይም ለአለቃችሁ ሪፖርት የምታዘጋጁ፣ ወይም ለዕድራችሁ ማስታወቂያ በስልክ የምትሠሩ። አዳራሻችሁ ውስጥ ዓይነ ስውር የለም ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር፤ እኚያ ሴት ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጠው እያሉ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ኮምፒውተራችሁም ሆነ ስልካችሁ ላይ የሚያነብ ድምፅ አለ፤ ካጣችሁት አንድ ወጣት ይፈልግላችኋል። በቅርቡ የሠራችሁትን ክፈቱ፣ ድምፁን አብሩ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑና እስከ መጨረሻው አዳምጡት። ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት አትቆጡ። ፈልጉ፣ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቁ፤ እኔን እንደሆነ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ እንደዚያ የሚያስደስተኝ ጥያቄ የለም።